ኦቦ ለሜሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ኮቱን የሚያወጣው ስቱዲዮዬን አንኳኩቶ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ስቆ ነበር። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ቤታችን፣ የመኝታ ክፍላችን ቁም ሳጥን የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ ሆኗል። ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ጣሪያው የባለቤቴ ሱሪዎች ናቸው። በርጩማው፣ ማይክራፎኑ፣ ከባለቤቴ እህት የወረስኩት ላፕቶፕና እኔ ተጣጥፈን እንገባበታለን። ሙቀቱን አትጠይቁኝ። አንድ ታሪክ ተርኬ ስወጣ ከፍል ውሃ የወጣሁ ነው የምመስለው። ግን ደስታው! ሰው የራሱ ስቱዲዮ ሲኖረው አረማመዱ ሁሉ ይለወጣል። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ እንኳ እንደ ጋዜጠኛ ነው የምራመደው።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ የከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት የትዳር ታሪኮችን ያቀርባል። ታሪኮቹን ቀርጸው የሚልኩት አድማጮች ናቸው። እኔ ደግሞ ወሬ ስጀምር ማንም የማያስቆመኝ ሰው ስለሆንኩ፣ የአንዲት ጎረቤቴን ታሪክ በስልኬ ቀርጬ ላክሁ። በሳምንቱ የዝግጅቱ አዘጋጅ ራሷ ደወለች።

«አተራረክሽን በጣም ወደነዋል» አለችኝ። ልቤ ጣሪያ ነካ። «ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትኖሪው መናኸሪያ ውስጥ ነው?»

እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር ገልባጭ መኪና ያልፋል፣ ባጃጅ ይጮሃል፣ ዶሮ ሰዓቱን ስቶ ይጮሃል፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ይጠራራል። እኛ ለምደነው አንሰማውም። ማይክራፎን ግን አይለምድም።

«እስከ ሐሙስ አንድ በጠራ ድምፅ የተቀረጸ ታሪክ ላኪልን» አለች። «ካማረልን በየሳምንቱ አንቺ ታቀርቢያለሽ።»

በየሳምንቱ! ስልኩን ዘግቼ ቤት ውስጥ ዞርኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ከዚያ ለባለሱቁ ነገርኩት፤ ባለሱቁ «እሱስ ሆነ፣ እንቁላሉን ነው የፈለግሽው ስኳሩን?» አለኝ። ምን እንደፈለግሁ አላውቅም ነበር።

ቁም ሳጥኑ በአንድ ከሰዓት ስቱዲዮ ሆነ። ቀላሉ እሱ ነበር። መከራው የመጣው መቅጃውን ሶፍትዌር ስመርጥ ነው።

ሁለት አማካሪ አለኝ። አንዱ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታምሩ ነው፤ ቡራዩ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ሐያት ናት፤ ሱሉልታ የስልክ ዕቃ ሱቅ አላት፣ ማይክራፎኑንም የመረጠችልኝ እሷ ናት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማማከር አልነበረብኝም። አማከርኳቸው። ይባስ ብዬ በአንድ ጊዜ በስልክ አገናኘኋቸው።

«እትዬ፣ እኔ የማመጣልሽ ትልልቅ ዘፋኞች የሚቀዱበትን ነው» አለ ታምሩ። «ክራክ የተደረገ ስለሆነ ጣጣ የለውም።»

ክራክ ማለት በበሩ ሳይሆን በጓሮ የገባ ማለት ነው።

«አውሮፕላን ልታበር ነው እንዴ?» አለች ሐያት። «ነጻው አለ አይደል? ቀይዋን ተጭነሽ ታወሪያለሽ፣ ስትጨርሺ ታቆሚያለሽ፣ በቃ!»

«ነጻ ነገር ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ሐያት፣ አንቺ የስልክ ሽፋንሽን ሽጪ።»

«አንተ መጀመሪያ የራስህን ኮምፒውተር አስነሳ። ያን ቀን ስደውልልህ ለማድረቅ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ ያልከኝ ማን ነበር?»

እኔ መሃል ላይ «ኧረ ተዉ» እላለሁ።

በማግስቱ ታምሩ ከቡራዩ ድረስ መጥቶ የራሱን ጫነልኝ። ስከፍተው በእውነትም አውሮፕላን ነው። ስንት መዘውር፣ ስንት መብራት፣ ስንት የሚወጣና የሚወርድ ዘንግ! የትኛውን እንደምነካ ሳላውቅ አንዷን ነካሁ፤ ድምፄ ከዋሻ የሚያወራ ጳጳስ ሆኖ መጣ። ዘጋሁት። ሐያት ደግሞ በስልክ እያዘዘችኝ ነጻውን ጫንኩ። እሱ ምስኪን ነው፤ መልኩም አያምር፣ አያወራም፣ ያልሽውን ይቀዳል። ደስ አለኝ ልል ነበር፤ ግን ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ ገልባጩንም ዶሮውንም አብሮ ይቀዳል። ሁለተኛ የሐያትን መረጥኩ ካልኩ ታምሩ ይቀየመኛል። የታምሩን ካልኩ ሐያት ትቀየመኛለች።

በበዓል ቀን ሁለት ቤት ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያው ቤት ጠግባችሁ ትወጡና፣ ሁለተኛው ቤት ገና ምንም እንዳልቀመሰ ሰው ትቀመጣላችሁ። ይሉኝታ እንዲህ ነው። እኔ ያን በኮምፒውተር አደረግሁት። ሁለቱንም ላለማስከፋት ሁለቱንም ከፍቼ ልቀዳ ወሰንኩ፤ ማንም ቢጠይቀኝ «በአንተ ነው»፣ «በአንቺ ነው» እላለሁ።

ይህም አልበቃኝ። ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ሴት ወጥ ቤት ቆማ ታወራለች፤ ድስት ይንተከተካል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮሃል። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ሁሉ ጸጥ! የእሷ ድምፅ ብቻ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ቀረ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ይሄ ነው! ማንንም ሳላማክር ጫንኩት፤ ስሙንም «ብልሁ» አልኩት። ሲከፈት ምን ላጽዳልሽ ብሎ ይጠይቃል። የውጭ ጫጫታ? ሳል? የከንፈር ድምፅ? ትንፋሽ? ረጅም ዝምታ ላሳጥር? እኔ ምርጫ ሲቀርብልኝ አንዱን መርጬ ሌላውን ማስከፋት ስለማልወድ፣ ሁሉም ላይ ምልክት አደረግሁ።

አሁን የሚተረክ ትዳር ቀረኝ። እሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ኦቦ ለሜሳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አሉ። ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ላም ያልባሉ፣ ወተቱን እኛ እንጠጣለን። ኦቦ ለሜሳ በወጣትነታቸው አዴ ጫልቱን ለማየት ከመናገሻ በእግራቸው ይመጡ እንደነበር፣ አንድ ቀንም ዝናብ ሲያባርራቸው በአዴ ጫልቱ አባት የጥጆች ቤት ውስጥ ተደብቀው እንዳደሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሬዲዮ ግን አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ? እንዴት አደሩ?» አልኩ። ጉዳዬን ነገርኳቸው። ታሪኩን ለመናገር እሺ አሉ። ስቱዲዮውን ሲያዩ ግን ወደ ኋላ ሸሹ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው በቁሙ ሳጥን ውስጥ ይገባል?»

«ኦቦ፣ ስቱዲዮ ነው።»

«ሱሪ ያለበት?»

«ሱሪው ድምፅ እንዳይመለስ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩ፣ ስፖንጁን ነካ ነካ አደረጉ፣ በመጨረሻ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። ጋቢያቸው ራሱ ግማሽ ስቱዲዮ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስቱንም ከፈትኩ። የታምሩ አውሮፕላን ተከፍቶ ቆመ፤ ታምሩ እንዳይቀየም ብቻ ነው የተከፈተው። የሐያትን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩና ደበቅሁት። ብልሁን ከላይ አደረግሁ። ላፕቶፑ ሸክሙ ከብዶት እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረ።

ምን ልበላችሁ፣ ኦቦ ለሜሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያወሩ ሌላ ሰው ሆኑ! ዝናቡን፣ የጥጆቹን ቤት፣ ጥጃ ፊታቸውን ሲልሳቸው ሳቃቸውን አፍነው መተኛታቸውን፣ አዴ ጫልቱ ጎህ ሲቀድ ጥጃ ልትፈታ ገብታ እግራቸውን መርገጧን። እኔ እንባዬ በሳቅ ወረደ። ከዚያ፣ የሬዲዮዋን ሴት አነጋገር አስመስዬ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ኦቦ፣ ዛሬስ አዴ ጫልቱን ይወዷቸዋል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው የባለቤቴን ሱሪዎች አዩ። አቀርቅረው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቆዩ። ከዚያ ቅንድባቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

«ህ!»

እናንተ ታውቋታላችሁ። ፈረንጅ ሲሰማት የደነገጥን ይመስለዋል። ለእኛ ግን በእድሜ የገፋ፣ ቁጥብ ሰው ከልቡ አዎ ሲል እንዲህ ነው የሚለው። ኦቦ ለሜሳ ያን ካሉ በኋላ አፈሩና ወዲያው ወሬ ለወጡ።

«ቡሬ የምትባል ላም ነበረች እኮ! እንዴት እንደምወዳት! እሷን የመሰለች ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የሞተች ቀን እህል አልቀመስኩም።»

ቡሬ አዴ ጫልቱ ሲዳሩ ከቤታቸው ይዘዋት የመጧት ላም ናት። ቀረጻው አበቃ። ብልሁ ለትንሽ ጊዜ ተሽከረከረና «ተጸድቷል» አለኝ። ከፍቼ አዳመጥኩት። የማዳምጠው ግን የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እንዴት ጠራሁ! እንዴት ከተሜ ሆንኩ! ገልባጭ የለ፣ ዶሮ የለ። የኦቦን መልስ በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁትም።

በማግስቱ ኦቦ ለሜሳ ወደ ተጂ ገበያ ሲሄዱ አዴ ጫልቱን ጠራኋቸው። ሶፋው ላይ በክብር አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። ጥጆቹ ጋ ሲደርስ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ውሸታም! እሱ ነው እንጂ እኔን የረገጠኝ!» አሉ። ከዚያ የእኔ ድምፅ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ጠየቀ፤ «ዛሬስ አዴ ጫልቱን ይወዷቸዋል?»

ትንፋሽ የለ። ዝምታ የለ። ብልሁ ሁለቱንም ጠርጎ አውጥቷቸዋል። የኦቦ ለሜሳ ድምፅ ጊዜ ሳያባክን መለሰ።

«ቡሬ የምትባል ላም ነበረች እኮ! እንዴት እንደምወዳት! እሷን የመሰለች ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

 ያን ጊዜ ገልባጩ እንኳ አላለፈም። አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉ።

«ላሚቱ ሞታለች» አሉ። «እኔ ግን አልሞትኩም።»

«አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎ! እሳቸው ሌላ ብለው ነበር…»

«ምን አሉ?»

አፌን ከፈትኩ። እኔ «ህ!» ብዬ ባሳያቸው ምን ዋጋ አለው? የእኔ ነው የሚሆነው። አዴ ጫልቱ በር ላይ ዞር ብለው «ይሄ በሬዲዮ ሊነገር ነው?» አሉኝ፤ መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ልጃቸው ቤት እንደሄዱ ሰማሁ።

አመሻሽ ላይ ኦቦ ለሜሳ በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው የወተት ጣሳ ይዘዋል፤ ላሞቹን ራሳቸው ማለባቸው ከጋቢያቸው ያስታውቃል።

«ልጄ፣ እኔ ምን ብዬ ነው?»

«ምንም አላሉም፣ ኦቦ።»

«ብያለሁ እንጂ!»

«ብለዋል። ኮምፒውተሩ አጠፋው።»

«ኮምፒውተሩ ምን አገባው?»

ይህን ጥያቄ ለብልሁ ሠሪዎች ብልክላቸው ደስ ይለኝ ነበር። «ታዲያ ሄደው ይንገሯቸው» አልኩ። ኦቦ ለሜሳ እንደ ተሰደበ ሰው አዩኝ።

«እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ይባላል። እሱንም ብዬዋለሁ። ፈልጊው።»

ጣሳውን አስረክበውኝ ሄዱ። እንግዲህ ጉዴን ተመልከቱ። ሬዲዮው ሐሙስ ይጠብቃል፤ ያ ታሪክ እንዲህ ከሄደ ጎረቤቶቼን አጣላሁ፣ ካልሄደ ደግሞ የየሳምንቱ ነገር ቀረ። ሬዲዮውስ ይቅር፤ አዴ ጫልቱ የሌሉበት አጥር ምን አጥር ነው? ብልሁን ከፍቼ «ወደ ነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ ፈለግሁ። ንጹሁን ሲያስቀምጥ የድሮውን ጥሎታል።

ታምሩ ጋ ደወልኩ። «በእኔ ብትቀጂ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«በአንተም ከፍቼ ነበር!»

«ከፍተሽ ነበር ወይስ ቀድተሽ ነበር?»

ዘጋሁበት። ሐያት ጋ ደወልኩ። ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ በሳቅ መናገር አቃታት። ከዚያ በቅያሜ ድምፅ «የእኔንስ ጭራሽ አልነካሽውም፣ አይደል?» አለች።

ይሉኝታዬ ቀድሞኝ መለሰ፤ «ምን ማለትሽ ነው? በአንቺም ቀድቻለሁ!»

ያልኩትን ያኔ ነው ራሴ የሰማሁት።

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ?» አለች ሐያት። «ክፈቺዋ!»

ለካ ምስኪኑ ነጻ ሶፍትዌር ካስነሳሁት ወዲህ ማንም አቁም አላለውም! እየቀዳ፣ እየቀዳ፣ ላፕቶፑ ኃይል አልቆበት እስኪጠፋ ቀድቷል። ስከፍተው ያልጨረስሽው አለ፣ ላምጣልሽ ብሎ ጠየቀኝ። አምጣልኝ! ታሪኩ አለ፤ ኦቦ ለሜሳ ከሳጥኑ ሲወጡ ጭንቅላታቸውን ሲመቱ አለ፤ እኔ ብቻዬን «ውድ አድማጮቻችን» እያልኩ ስለማመድ አለ፤ ባለቤቴ «ካልሲዬን የት አደረግሽው?» ሲል አለ። ጥያቄዬን ፈለግሁ። ከጥያቄዬና ከቡሬ መሃል፣ የድምፁ መስመር ላይ፣ የጉንዳን ያህል ያበጠች ነገር አገኘሁ። አጫወትኳት። ገልባጭ እያለፈ፣ ዶሮ እየጮኸ፣ ከመሃል፦

«ህ!»

ጮህኩ። ባለቤቴ እየሮጠ መጣ። «አገኘሁት!» አልኩት። «ካልሲዬን?» አለኝ።

ረቡዕ ከኦቦ ለሜሳ ጋር በታክሲ ቡራዩ ገባን፤ ድምፁን በስልኬ ይዣለሁ። ታምሩ ደግሞ ነገሩን በሰማ ጊዜ የሱቁን ትልቁን ስፒከር ተሸክሞ ልጃቸው ቤት ቀደመን። «በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም፣ እትዬ» አለ። አዴ ጫልቱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸውን አላዩም። ኦቦ ለሜሳም ቆመው ጣሪያውን ያያሉ።

ከፈትኩት። ጥያቄዬ መጣ። ስፒከሩ ውስጥ ገልባጩ ቤቱን አንቀጠቀጠው። ዶሮው ጮኸ። ከዚያ ያቺ ትንፋሽ ከዚያ ትልቅ ስፒከር ስትወጣ፣ ግድግዳው ራሱ አየር የሳበ መሰለ።

አዴ ጫልቱ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘነበሉ።

«እንደገና» አሉ።

እንደገና አጫወትኩ።

«ይቺ መኪና ምን ትላለች?»

«አዴ፣ የጅማ መንገድ ናት፣ ይቅርታ…»

«ዝም በይ። እንደገና።»

ስንት ጊዜ እንዳጫወትኩት አላውቅም። በመጨረሻ ወደ ባላቸው ዞሩ። «በዚህ ሁሉ ዘመን እኔ ፊት አንዴ እንኳ ሳትለው፣ ሳጥን ውስጥ ገብተህ ነው የምትለው?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

አዴ ጫልቱ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ። «ዛሬ ጠዋት ላሞቹን ማን አለባቸው?»

«እኔ።»

«ወተታቸውን ይከለክላሉ እንግዲህ። ተነስ፣ እንሂድ።»

ቆመው የነበሩት እሳቸው አይደሉም ወይ? ግን ኦቦ ለሜሳ ገና እንደተነሳ ሰው ሆነው ተከተሏቸው። እኔና ታምሩ ስፒከሩን ተቃቅፈን ቀረን።

ማታውኑ ብልሁን ከላፕቶፔ አጠፋሁት። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩለት። አልገባውም፤ ቁልፍ እንድጫን ይጠብቃል። ሐሙስ የሐያትን ቀረጻ፣ ዳርና ዳሩን ብቻ ቆርጬ፣ ከነገልባጩ ላክሁት። መናኸሪያ ውስጥ ነው የምትኖሪው ካሉኝም ይበሉኝ ብዬ።

ዓርብ ስልኬ ጮኸ። የአንድ ወጣት ድምፅ ነው። «ከሬዲዮ ጣቢያው ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ነኝ። ታሪክሽ ነገ ይተላለፋል። አዘጋጇ በየሳምንቱም ቀጥይ ብላሻለች።»

የጮህኩትን ጩኸት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መልሶልኛል።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለ። «ጫጫታውን እኛው እንቀንሰዋለን። ግን ከመጨረሻው ጥያቄሽ በኋላ የሆነች የትንፋሽ ድምፅ ገብታለች። ላውጣት?»

ስለ ብልሁ፣ ስለ ቡሬ፣ ስለ ቡራዩው ስፒከር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ወንድሜ» አልኩት በመጨረሻ፣ «ገልባጩን አውጣ፣ ዶሮውን አውጣ፣ ከፈለግህ እኔን አውጣኝ። እሷን ግን እንዳትነካብኝ። ተግባባን?»

 ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ አጠር ብላ፣ ጥርት ብላ መጣች፦

«ህ!»